ከመጋረጃው ወዲያና ወዲህ

ጋምቤላ ውስጥ የኦሞት ኦቹዶን መርፌ ያልቀመሰ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለው ክሊኒክ አስራ አንድ ዓመት ነርስ ሆኖ ሠርቷል። ቅዳሜና እሁድ አርፋለሁ ሲል ደግሞ የከተማው ሰው በባጃጅ ከደጁ ይቆማል። "እጁ መድኃኒት ነው" ይሉታል። ከደጋ የመጣ አስተማሪ ይሁን፣ ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ወባ የጣለው ጎረምሳ ይሁን፣ ድንበር ተሻግራ የመጣች እናት ትሁን፣ ኦሞት ክንዱን ይዞ "እስቲ ወደዚያ እይ" ካለ መርፌው መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። በዚህ ሁሉ ዘመን በእጁ ነክቶ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስቱን እናት፣ ማማ አኬሎን።

ተጣልተው አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ይዋደዳሉ። ነገር ግን አማትና አማች በነሱ ብሔረሰብ ዘንድ ይከባበራሉ፤ መከባበሩም እንዲሁ በአፍ የሚባል አይደለም። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አንዱ ባለበት ሌላው አይበላም፣ ጉዳይ ካላቸው በሦስተኛ ሰው በኩል ይነጋገራሉ። ኦሞት አኳይን ካገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አማቱ ቤት ሲሄድ ለብቻዋ በተሠራችው ጎጆ ተቀምጦ የቀረበለትን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይወጣል። ከግድግዳው ማዶ ምን እንደሚደረግ አያውቅም፤ ልወቅ ማለትም ነውር ነው። ዲፕሎማ ያለው፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ የሚዘምር ሰው ነው፤ በዚህ ነገር ግን ከአያቱ አይለይም።

ማማ አኬሎን ስኳር ይዟቸው ቆይቷል። ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጡ ቆርቆሮ እግራቸውን ቆረጣቸው፤ ቁስሉም አልድን አለ። አዲስ አበባ ያዩዋቸው ሐኪሞች ከጉልበት በታች ይቆረጥ አሉ። ወንድ ልጃቸው ዊሊያም ከአውስትራሊያ ስልክ ደውሎ "የእናቴ እግር አይቆረጥም" አለ፤ ብሎም አልቀረ፣ ህንድ አገር የተዘጋ የደም ሥር የሚከፍት ሐኪም አፈላልጎ አገኘ። እግሩ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም ስለተባለ፣ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነውን የቢዝነስ ክላስ ወንበር ቲኬት ቆረጠላቸው። ለአስታማሚውም እንዲሁ፣ ከጎናቸው።

አስታማሚ መሆን የነበረባት አኳይ ነበረች። እሷ ግን ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ በዚያ ሆድ አውሮፕላን የሚያሳፍራት የለም። ዊሊያም "ነርስ ባል እያለሽ ምን ያስጨንቅሻል?" አላት። ነገሩ ሁሉ በዚህ አለቀ። አኳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቷን ኢንሱሊን ሆዳቸው ላይ ራሳቸው እንዲወጉ ስታለማምድ ከረመች፤ አማች የአማቱን ሆድ ገልጦ ሊወጋ ነው ብሎ የሚያስብ የለምና። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ባሏን ክንዱን ይዛ አቆመችው።

"መርፌውን ከወሰደች በኋላ መብላቷን አረጋግጥ። ሌላ ምንም አልልህም።"

ኦሞት ሳቀባት። "ይሄንንም ለኔ ታስተምሪኛለሽ?"

እውነቷን ነበር። መርፌው ስኳሩን ያወርዳል፤ ከላይ እህል ካልገባ ግን ማውረዱን አያቆምም። የማማ አኬሎ ኩላሊት ደግሞ ስለደከመ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣም። ኦሞት ይህን ለስንት ሰው አስረድቷል።

ከአዲስ አበባ ረፋዱ ላይ ተነሱ። ኦሞት ከዚያ በፊት አውሮፕላን የተሳፈረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር እየገፋ። አሁን ግን እግሩን ቢዘረጋ የሚነካው ነገር አጣ። ፌበን የምትባል አስተናጋጅ ትኩስ እርጥብ ፎጣ በመቆንጠጫ ይዛ መጣች፤ እሱ ሊወስደው ወይስ ፊቱን ልትጠርግለት እንደሆነ እስኪለይለት ግራ ገባው። ከዚያ የወንበሩን ቁልፎች ሲነካካ ወንበሩ ቀስ እያለ ይዞት ተዘረጋ፤ ከአማቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ተስፈንጥሮ ሲነሳ ከላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጭንቅላቱን መታው። ማማ አኬሎ ይህን ሁሉ አላዩም፤ ማለትም የትከሻ ጨርቃቸውን በግራ ጉንጫቸው ላይ ጥለው ወደ መተላለፊያው ዞረው ነበር። እሱም መስኮቱን እንደ ቴሌቪዥን ያይ ጀመር።

ምግብ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መድኃኒቱን ለካ፣ መርፌውን በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለና በመካከላቸው ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አኖረው። ፊቱን አዞረ። መሐረቡ ባዶውን መርፌ ይዞ ሲመለስ ሰዓቱን አየ።

ፌበን ነጭ ጨርቅ አነጠፈችላቸው፤ ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ትንንሽ ሳህን በትልቅ ሳህን ላይ እየደረደረች ሄደች። ማንም አልነካውም። ኦሞት ደመናውን ያያል፤ አማቱ መተላለፊያውን ያያሉ። ሰላጣው እንዳለ ተነሳ። ዳቦው ደረቀ። ኦሞት እንዳላየ ሆኖ ሰዓቱን ያያል፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ ሠላሳ አምስት። ብብቱ ውስጥ ላብ ይወርድ ጀመር።

ፌበን ጎንበስ ብላ "ምግቡ አልተስማማዎትም?" አለችው።

"እህቴ፣ ከኋላ ባዶ ወንበር አለ?"

"ከዚህ ተነስተው ወደዚያ?" ፈገግ አለች። "እኔን ሰው የሚለምነኝ ከዚያ ወደዚህ ነው። ተጣልታችኋል እንዴ?"

"የለም። እኔ እዚህ እያለሁ እናቴ አይበሉም። መርፌ ወስደዋል፤ አሁን መብላት አለባቸው። እባክሽ ንገሪልኝ፤ ልጅዎ ሄዷል፣ ይብሉ በያቸው።"

ማማ አኬሎ አማርኛ የሚያውቁት ዓሣ ለመሸጥ የሚበቃቸውን ያህል ነው። ፌበን በእጇም በአፏም አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦሞት መጋረጃውን አልፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ በአንድ ጨርቅ ነጋዴና በሚያንኮራፋ ወጣት መካከል ተሸጎጠ። እዚያ እንደተቀመጠ እፎይ አለ። ክብሩንም ጠበቀ፣ በሽተኛውንም አበላ፤ አንድ ነርስና አንድ አማች ከዚህ በላይ ምን ያደርጋሉ?

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ፌበን ክዳን ያለው ትልቅ ሳህን ይዛ መጣች። ዶሮ በሩዝ፣ ከጎኑ የተጠበሰ አትክልት።

"እማማ ናቸው የላኩልዎት። 'ይሄ ለልጅ ነው፣ ስጪው፣ ይብላ' ብለውኝ።"

"እሳቸውስ?"

"ሌላ አመጣላቸዋለሁ። ምግብ ሞልቷል።"

ኦሞትም በዓይኑ አይቷል፤ በዚያኛው ክፍል ምግብ ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ነጋዴው በስስት እያየው አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳያስቀር በላው። አማቱ ሰማይ ላይ ሆነውም እንዳልረሱት ሲያስብ ሆዱ ባባ። ትንሽ ቆይቶ የኋላው አስተናጋጅ ጋሪውን እየገፋ መጣ፤ የሁሉንም ሰው ዕቃ ሰብስቦ ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ልቡ አላርፍ አለው። ተነስቶ መጋረጃው ድረስ ሄደ። ፌበን አልነበረችም፤ ለእረፍት ተተክታ ሌላ ልጅ ቆማለች።

"እዚያ ያሉት እናት በልተዋል?"

"ሁሉም ተስተናግዷል" አለችው በትሕትና። "ተኝተዋል፤ ባንቀሰቅሳቸው ይሻላል።"

በመጋረጃው ክፍተት አየ። ማማ አኬሎ ብርድ ልብሱን እስከ አናታቸው ተከናንበዋል፤ እግራቸው እንደታዘዘው ትራስ ላይ ከፍ ብሏል። የስኳር መለኪያው ኪሱ ውስጥ ነበር። አንዲት ጣት፣ አንዲት ጠብታ ደም፣ አምስት ሰከንድ፤ ይኸው ነበር ሥራው። ግን የተኛች አማት አትታይም። ብርድ ልብስ ገልጦ እጇን መያዝ ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ለሌላ በሽተኛ ቢሆን ፈቃድ እንኳ አይጠይቅም ነበር። ሦስት ጊዜ መጋረጃውን ያዘ፤ ሦስት ጊዜ ለቀቀው። በልተዋል ተብሏል እኮ። ተመልሶ ተቀመጠ። ያን መመለስ ነው እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተው።

ሊያርፉ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀራቸው በድምፅ ማጉያ ሐኪም ወይም ነርስ ካለ እንዲመጣ ተጠራ። ኦሞት ለሥራ እንደተጠራ ሰው ፈጥኖ ተነሳ፤ ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቆ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ ሄደ። ማን እንደሆነ የገባው መጋረጃው ጋ ሲደርስ ነው። ፌበን ከእረፍት ተመልሳ ብርድ ልብሱን ገልጣዋለች። ማማ አኬሎ በላብ ተጠምቀዋል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ አያይም። ከጎናቸው ክዳኑ ያልተነሳ ሳህን ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ነካቸው። ጣታቸውን ወጋ፤ መለኪያው ቁጥር እንኳ አላወጣም፣ ዝቅተኛ ብሎ ብቻ ጻፈ። ከአውሮፕላኑ የመድኃኒት ሣጥን ግሉኮስ አወጡለት። የደም ሥራቸውን በመጀመሪያው ሙከራ አገኘው። ስኳሩ ወጣ። ሃምሳ፣ ዘጠና፣ መቶ ሠላሳ። ማማ አኬሎ ግን አልነቁም። ስማቸውን ጠራ፤ አማች የአማቱን ስም ሲጠራ እሱ ራሱ ሰምቶ አያውቅም። ደጋግሞ ጠራ።

ፌበን አጠገቡ ተንበርክካ ታለቅሳለች። "ሌላ አመጣሁላቸው፤ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው 'ቆይ' አሉኝ። ቆይቼ መጣሁ፤ 'ቆይ' አሉኝ። ሲፈልጉ ይበላሉ ብዬ አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።"

በሦስተኛው ቀን ህንድ አገር ሆስፒታል ውስጥ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አረፉ። ሐኪሙ አንጎላቸው ብዙ ሰዓት ያለ ስኳር መቆየቱን አስረዳው፤ ለኦሞት ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። እግራቸው ሳይቆረጥ ተመለሱ፤ እሳቸው ከታች በሣጥን፣ እሱ ከላይ በዚያው ሰፊ ወንበር። ቲኬቱ የደርሶ መልስ ነበር። የቀረበለትን ሁሉ መለሰ።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ የጌታ ፈቃድ ነው አለው። ዊሊያም በስልክ አለቀሰ እንጂ አልወቀሰውም። አኳይ እሱ በሌለበት ሳምንት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ስለዚህ አራስ ናት ብሎ ቀብሩ እስኪያልፍ ሰዉ የሆነውን እንድትጠይቀው አልፈቀደላትም። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ከቤት ሲያስገባ፣ ልጇን እያጠባች "በል፣ አሁን ንገረኝ" አለችው።

ምንም ሳያስቀር ነገራት። ወንበሩን፣ መርፌውን፣ መጋረጃውን፣ ዶሮውን።

"በላኸው?" አለችው።

"በላሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ሳህኑስ? ሳህኑን መልሰህ ላክህላት?"

ኦሞት አልገባውም። "የኋላው አስተናጋጅ ከሌላው ሰው ዕቃ ጋር በጋሪ ወሰደው። ለምን እመልሰዋለሁ?"

አኳይ ልጇ ላይ አቀረቀረች።

"እናቴ ላንተ ምግብ ከላከች፣ ባዶ ሳህንህ ተመልሶ በዓይኗ ሳታየው እህል በአፏ አይገባም" አለች። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር። አንተ እዚያ ጎጆ ውስጥ ወሬ ይዘህ ስትዘገይ፣ እኛ ብይ ስንላት 'ቆይ' ትለናለች። መርፌዋንም የምወጋት ሳህንህ ሲመለስ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይሄ ለአማች አይነገርም" አለችና ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት።