ክትሩን የደፈንኩበት አረም

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ፣ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በቆቦና በሮቢት መንገድ ሳልፍ መስኮት ዳር ካልተቀመጥኩ አይሆንልኝም። ባለቤቴ «ደግሞ ሣር ልትቆጥር ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። የምፈልገው ሣር አይደለም፤ ነጭ አበባ ነው። ካጣሁት ደስ ይለኛል፣ ካገኘሁት እስኪሰወርብኝ አንገቴን አዙሬ አየዋለሁ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በግብርና ባለሙያነት እዚያው አካባቢ ተመድቤ እሠራ ነበር። የጎብዬ ልጅ ስለሆንኩ «አገሩን ያውቀዋል» እየተባለ ፀሐይ ላይ የሚያውል ሥራ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። በዚያ ክረምት የደረሰኝ ሥራ የቅንጨ አረም ነበር።

ቅንጨ አረም የአገራችን ተክል አይደለም። ከየት እንደመጣ ሁሉም የየራሱን ይላል፤ አንዱ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ነው ይላል፣ ሌላው በከባድ መኪና ጎማ ነው ይላል። አበባው እንደ ቅንጬ ደቃቅና ነጭ ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ሰው ሲነካካው ቆዳው ያሳክከዋል። ማሳ ውስጥ ከገባ ደግሞ እህሉን አሸንፎ ብቻውን ይቀራል።

የእኔ ሥራ መንቀል አልነበረም፤ ስጋቱን መገመት ነበር። አጭር ሥልጠና ተሰጠንና አንድ ቅጽ ያዝኩ። በየቀበሌው እየዞርኩ አረሙ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን እንደሚዛመት፣ በመጨረሻም ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ከፍተኛ ነው የሚለውን እሞላለሁ። «በምን ይዛመታል» ለሚለው መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በጎርፍ፣ በከብት፣ በመኪና፣ ከዘር ጋር። ቅጹ ወደ ላይ ይላካል፣ ምን ይደረግ የሚለው መልስም ከላይ ይመጣል። መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

በዚያ ቀን የሄድኩት ከሮቢት ወረድ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ነው። በእኛ ቆላ ማሳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን እህል አያደርስም። ገበሬው የሚጠብቀው በምዕራብ ካሉት ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ነው። በደረቁ ወንዝ ላይ በድንጋይ፣ በአፈርና በቅጠል ክትር ይሠራል፤ ጎርፉ ሲመጣ ክትሩ ይጠልፈውና በቦይ ወደ ማሳ ይመራዋል። ክትሩ በክንድ ተለክቶ ለየሰው ይከፋፈላል። ለቅሶ ቢኖርብህም ሰርግ ቢኖርብህም ድርሻህን ራስህ ትሠራለህ ወይም ሰው ትተካለህ። ድርሻውን ያልሠራ ውሃ የለውም።

ይህን የሚያዘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የዚያ ቀበሌ የውሃ አባት አያ ሁሴን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያናግሩህ ፊትህን ሳይሆን ሰማዩን የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ቀን ደግሞ ሰማዩን የሚያዩበት ምክንያት ነበራቸው። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ቅጠሉ ከጥማት ተጠቅልሏል። ተራራው በኩል ግን ጠቁሯል።

«ዛሬ ይመጣል» አሉኝ። «ይሄ ካመለጠን ማሽላው የከብት ነው።»

ቅጼን ይዤ ቦዩን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ከክትሩ አጠገብ፣ ልክ ቦዩ በሚጀምርበት አፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዳርና ዳሩን ወገብ የሚደርስ ቅንጨ ሞልቶታል። ግማሹ አብቧል፣ ግማሹ ዘር ይዟል። ጎርፉ በዚያ ላይ ካለፈ ዘሩን አጥቦ ለቀበሌው ማሳ ሁሉ ያከፋፍለዋል። ቁጭ ብዬ «ከፍተኛ» ብዬ ሞላሁ። ሞልቼ ስነሳ ደመናው ከቅድሙ ወደ እኛ ቀርቧል።

ወርጄ ለአያ ሁሴን ነገርኳቸው። «ይህ አረም ሳይነሳ ውሃው ባይገባ ጥሩ ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ውጣና ጎርፉን ቆይ በለው» አሉኝ።

«አያ ሁሴን፣ ከገባ እኮ ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።»

«ካልገባስ?»

ቅጹን አገላብጬ ባየውም «ካልገባስ» የሚል መስመር የለውም። ከላይ መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ጎርፉ የሚፈጀው ሰዓታት ነው። እግሬ አላስቆም አለኝ፤ ወዲያ ሁለት እርምጃ፣ ወዲህ ሁለት እርምጃ እል ጀመር። በመጨረሻ «እንንቀለው፣ አሁኑኑ!» አልኳቸው።

አያ ሁሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማዩ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እኔን አዩኝ። «አብሽር» አሉና ሰው ለደቦ እንዲወጣ ጅጊ አስጠሩ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድ ሴቱ ወጣ። እጃችሁን በጨርቅ ሸፍኑ አልኩ፤ የሸፈነ ሸፈነ፣ ያልሸፈነ በባዶ እጁ ገባ። ከሁሉም የምትፈጥነው እትዬ ዘሀራ ነበረች። ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ውሃ ላይ ጭራ መሆን ክፉ ነው፤ ከላይ ያሉት ጠጥተው ሲጠግቡ ነው የሚደርስህ። አምና ለእሷ ጨርሶ አልደረሳትም። እየነቀለች እኔን ታየኝና «አንተ ባለሙያ፣ እጅህ የሚፈጥነው ብዕር ሲይዝ ብቻ ነው እንዴ?» እያለች ሰውን ታስቅብኛለች።

ነቅለን ስንጨርስ «የት እናድርገው?» አሉኝ። ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ፈለግኩ። ከክትሩ ጎን አንድ ጉብታ አለ። «እዚህ ከምሩት፣ ነገ ሲጠወልግ እናቃጥለዋለን» አልኩ። የጭድ ክምር የሚያህል ሆነ። ወገቤን ይዤ ክምሩን ሳየው ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ያ ጉብታ፣ ክትር ሲሸነቆር የሚወተፍበት ቅጠል ከድሮ ጀምሮ የሚከመርበት ቦታ መሆኑን ግን አላሰብኩትም። ገበሬዎቹም አላሰቡትም። ቅጠል ከተባለ እዚያ ነው የሚከመረው፣ አለቀ።

ጎርፉ ሳይመሽ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣ ከዚያ ሽታው፣ ከዚያ ራሱ። ሁሉም በየድርሻው ላይ ቆመ። ቀይ ውሃው ክትሩን ገጨውና ዞሮ ወደ ቦዩ መግባት ጀመረ። ሰው ጮኸ፣ ተሳሳቀ። ወዲያው «ተሸነቆረ!» የሚል ድምፅ ሰማን። የተሸነቆረው በእትዬ ዘሀራ ድርሻ በኩል ነው።

እሷ ልብሷን እንኳ ሳትሰበስብ ዘላ ገባች። ውሃው ወገቧን ይዟታል፤ ጀርባዋን ለቀዳዳው ሰጥታ ቆመች። «ቅጠል! ያ ረቢ! ቅጠል አምጡ!»

በእኛ አገር ክትር ሲሸነቆር «ቅጠል» የተባለ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። እጁ ያገኘውን ያቀብላል። እኔም አባቴ በክትር ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ቅጼን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ወደ ጉብታው ሮጥኩ። በእቅፌ ሙሉ አፍሼ ሰጠኋት። ጎሰጎሰችው። ሁለተኛ ሰጠኋት፣ ሦስተኛ። ሌላውም እኔን አይቶ ተከተለኝ፤ ባለሙያው ራሱ ሲያቀብል ማን ይከለክላል? በላዩ ድንጋይና አፈር ጫኑበት። ቀዳዳው ተደፈነ፣ ውሃውም ሙሉ ለሙሉ ወደ ማሳ ዞረ።

እልልታው ቀለጠ። እኔም ከሰው ጋር እየጮህኩ ነበር። እየጮህኩ ቦዩን አየሁት። በቀዩ ውሃ ላይ ነጭ ነጭ ደቃቅ አበባ እየተንሳፈፈ ወደ ማሳው ይወርዳል። ዞሬ ጉብታውን አየሁት፤ ባዶ ነው።

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አያ ሁሴን ትከሻዬን ይዘው «አላህ ይጨምርልህ፤ አረሙንም አስነቀልክ፣ ውሃውንም አስገባህ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። በማግስቱ አዲስ ቅጽ ሞልቼ «ተነቅሎ ተወግዷል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬም አመሰገነኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እረፍት አልነበራቸውም። ክንዴ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ የፀሐይ ነው እላለሁ። በየእሑዱ ሰበብ ፈልጌ እዚያ ቀበሌ እወርዳለሁ፤ በማሳው ዳር ዳር እያጎነበስኩ እሄዳለሁ። ገበሬዎቹ «ይሄ ልጅ ትጉ ነው» ይላሉ። ማሽላው አማረ። ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይመርቀኛል። በተመረቅኩ ቁጥር ሽፍታው የባሰ ያሳክከኛል። ቢበቅል ምን እላለሁ? ባይበቅልስ፣ ይህን ምርቃት ይዤ እስከ መቼ? በላሁም ጠጣሁም ሐሳቤ እዚያው ነበር።

የበልግ ዝናብ ጣል ካደረገ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን እትዬ ዘሀራ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ፌስታሏን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። አሪቲ የሚመስል ለጋ ቅጠል ከነሥሩ ተዘረገፈ። አሪቲ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እጇን ሳየው እስከ ክርኗ ሽፍታ ይዟታል።

«ይህን ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። ጉብታውን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያቀበልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ አበባው ሲንሳፈፍ አይቼ ዝም እንዳልኩ፣ ቅጹ ላይም እንደዋሸሁ።

«ጨረስክ?» አለችኝ። «አበባውን እኔም አይቼዋለሁ። ውሃው ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ እኮ፤ ባፍንጫዬ ሥር ነው ያለፈው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር አንድ ሰው ደንግጦ ውሃውን ይለቀው ነበር። አምና ሌላው ማሽላ ሲያጭድ እኔ አፈር ነው ያየሁት። ዘንድሮ ልጆቼ ይብሉ፣ ከአረሙ ጋር ነገ እንተያያለን አልኩ። ወላሂ፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።» ተነሳች። «ይኸው ነገው መጣ። ተነስ እንጂ። ድርሻ ያለው ክትር ላይ ብቻ ነው እንዴ?»

በዚያው ቀን አብሬያት ሄጄ እስኪመሽ ነቀልን። ጭራ ማሳ ነውና ውሃው የያዘውን ሁሉ ያራገፈው እሷ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ቀን አለቃዬን ያንን ቅጽ ከፋይል አውጥቶ እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። «ተነቅሎ ተወግዷል» የሚለውን ሰረዝኩ። «በምን ይዛመታል» በሚለው ሥር፣ ከጎርፍ፣ ከከብት፣ ከመኪናና ከዘር ቀጥዬ «በባለሙያው እጅ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ቀልድ መስሎት ነበር። ነገሩ ሲገባው ግን ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፤ ሲሰጠኝ እፎይ አልኩ።

ለአያ ሁሴንም ክትር በሚከፋፈልበት ቀን በሰው ፊት ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ሰማዩን አዩ። ከዚያ በዚያ ጉብታ ላይ ቅንጨ የከመረ ሰው የውሃ ተራው ይታለፋል ብለው ደነገጉ። እኔን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው፣ ሥራዬም ሌላ ነው። አረሙ ከእትዬ ዘሀራ ማሳ ፈጽሞ አልጠፋም። በየዓመቱ እየሳሳ ቢሄድም ጥቂት ጥቂት ይበቅላል። በየዓመቱም ዝናብ ከጣለ በኋላ ስልኬ ይጮኻል።

«የእኔን ነቅያለሁ፤ ያንተን ድርሻ ትቼልሃለሁ» ትለኛለች።

«እትዬ ዘሀራ፣ በፈጠረሽ አንድ ላይ ንቀይው!»

«ሰው የሠራልህ ድርሻ የት አይተህ ታውቃለህ? ብትፈልግ ቆይ፣ ያብብ።» ትስቅና ስልኩን ትዘጋዋለች። በእርግጥ ትታው ይሁን ወይም እኔን ለማስሮጥ ብላ ይሁን፣ ደርሼ ካላየሁ አላውቅም። ስደርስ ግን ሁልጊዜ ከማሳው ጭራ ላይ ይጠብቀኛል። አሥር ወይም አሥራ ሁለት እግር ይሆናል። እሷ ቆማ እያየችኝ እነቅለዋለሁ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፣ ራሴ አቃጥለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ሌላ በዓመቱ ውስጥ ልቤ የሚያርፍበት ቀን የለኝም።

ትናንት ደውላ «እንቡጥ ይዟል» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነው። ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱን የዚያን ሰው ሒሳብ እኔ ልክፈልና እንሂድ ልለው ነው።