ከላይ የጻፍኩት ስም

ሊቀመንበር አልነበረንም። ማኅተም፣ ቃለ ጉባኤ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረንም። ስምም አላወጣንም። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ቅዳሜ ጠዋት የምንገናኝ፣ አሥራ አምስት የማንሞላ ሰዎች ነበርን፤ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ጎጆ እንሠራለን። አንዳንዱ ከካማሺ በኩል የተፈናቀለ ነው፣ ሌላው ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን፣ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ። ወገኑ ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ቀርከሃ ያለው ቀርከሃ፣ ሳር ያለው ሳር ይዞ ይመጣል፤ ምንም የሌለው ጭቃ ይረግጣል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ሰፍረው እዚሁ ወለዱኝ። አለቃ ስለሌለው ኑሮ ስልኬ ላይ ብዙ አንብቤአለሁ፤ አናርኪዝም ይሉታል። አንድ ቀን ለጓደኞቼ ላስረዳ ስሞክር ከመካከላችን አንዷ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፣ «ይሄን ለማወቅ ነው እንዴ ዓይንህን ያጠፋኸው? ደቦ አይደል?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። ልክ ነበረች።

ሳር አከዳደኑን የሚያውቁት አንድ የበርታ አዛውንት ነበሩ። ሲያዝዙ ሰምቼ አላውቅም። የላላ ልጥ ካዩ ዝም ብለው ይፈቱትና እንደገና ያስሩታል፤ ያሰረው ሰው አይቶ ይማራል። እኔ ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩት ሰውዬ እንዲህ አስተምሬ አላውቅም።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል መጣ። ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል። እኛ ግን ቀጠልን፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ሦስት ቤት ይቀረን ስለነበር፣ ማን ሳር ማን ልጥ እንደሚያመጣ እንዳይምታታብኝ በደብተር ወረቀት ላይ የሁላችንንም ስም ጻፍኩ። የአስተማሪ አመል ነው፤ ስም ሳልጠራ ቀኔ አይጀመርም። ትልቅ ሰው ደግሞ ከታች አይጻፍምና አዛውንቱን ከላይ አደረግኳቸው። በፊደል ተራ ብጽፍ ኖሮ የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ።

ሁለት የጸጥታ ሰዎች ሥራው ላይ መጥተው ፈተሹን። ወረቀቱ ቀርከሃ ላይ ከሰቀልኩት ጃኬት ኪስ ወጣ። አንደኛው ጣቱን የላይኛው ስም ላይ አድርጎ «ሊቀመንበራቸው ይሄ ነው» አለ።

«ሊቀመንበር የለንም፤ በዕድሜ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«ሥርዓት አልበኞች!» ብሎ ሳቀብኝ። አዛውንቱ የእጃቸውን ጭቃ ታጥበው ተከተሏቸው። እኔን ማንም አልነካኝም፤ ስድስተኛ ነበርኩ።

ሰኔን ሙሉ ታሰሩ። እኔ አንድ ቀን እስከ እስር ቤቱ በር ሄጄ፣ ፈርቼ ተመለስኩ። ሲፈቱ ቤታቸው ሄጄ ያየሁት ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። የቤታቸው ክዳን በስብሶ በአንድ ወገን ወርዷል። በጋው ላይ ሊቀይሩት ይችሉ ነበር፤ የሰው ይቅደም ብለው አቆዩት።

ደቦ ልጠራ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ በሯ ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ አሁንም ስሜን ጽፈሃል?» አለችኝ። አልጻፍኩም ብዬ ማልኩላት። ቅዳሜ አልመጣችም። ማንም አልመጣም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር።

ብቻዬን ሳር ተሸክሜ ሄድኩ። እስር ቤት ወገባቸውን ጎድቷቸው ስለነበር አዛውንቱ ከታች ሆነው ያቀብሉኛል፣ እኔ ከላይ አስራለሁ። የላላውን ልጥ ያዩታል፤ ወጥተው መፍታት ግን አልቻሉም። ግማሹን ሳንጨርስ ዝናቡ ጀመረ። ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ፤ ባልተከደነው በኩል ውሃው አልጋቸው ላይ ሲወርድ አብረን አየን።

«መምህር» አሉኝ በተሰባበረው አማርኛቸው፣ «ሚስቴ በየቀኑ ምግብ ይዞ መጣ። ሌላ ሰው አልመጣም። እኔ አልቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስሜ ለምን ላይ ሆነ?»

«ስለማከብርዎት ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ሁለተኛ አታክብረኝ» አሉና የአልጋውን አንድ ጫፍ አነሱ። ሌላውን እኔ ያዝኩ።