የነፈግሁት ዓይን

ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ጾም መሻሬን፣ ጠላ ማብዛቴን፣ በባልንጀራዬ ሥራ መቅናቴን ሳልደብቅ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ዘልዬዋለሁ። ለምን? ንስሐ አባቴ ሥዕሌን ባየ ቁጥር «እጅህ ይባረክ» ይለኝ ነበር፤ ምርቃቱ እንዳይቀርብኝ ሳሳሁ። አንተ የማላውቅህ አንባቢ ግን እጄን መርቀህ አታውቅምና ስማኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ። ቅኔውን ጀምሬ ተውሁት፣ ዜማው አልሆነልኝም፣ ቀለም ግን እሺ አለኝ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ሰበካ ጉባኤው ጠርቶ በደቡቡ ግድግዳ፣ በሴቶች በኩል፣ የሐዋርያትን አሟሟት እንድሥል አዘዘኝ። ጴጥሮስ ቁልቁል ሲሰቀል፣ ጳውሎስ በሰይፍ ሲቀላ፣ ቶማስ ቆዳው ተገፍፎ እንደ ስልቻ አሸዋ ተሞልቶ ሲያሸክሙት። ሰማዕታቱን በሁለት ዓይን፣ ገዳዮቻቸውን በአንድ ዓይን ሣልሁ። የአባቶች ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ይመልሳል፣ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ከላላም ሂድ ወረኢሉ፣ ይህን የማያውቅ ምእመን አታገኝም።

በዚያች አጥቢያ አያ ደምሴ የሚባል ገበሬ ነበር። የቅርጫ በሬ ሲታረድ የሚገፍፈው እሱ ነው። ቆዳ አይበሳም፣ ሥጋ አያበላሽም፤ የአገሩ ሰው ያለ እሱ ቢላዋ አያነሣም ነበር። በቅሎ የነከሰችው የግራ ጆሮው ጫፍ የለውም። የቀንድ እጀታ ያላት ቢላዋው ከወገቡ አትለይም።

ጴጥሮስን የሣልሁት ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ለእጄ እንዲመቸኝ ሰውየውን ቀጥ አድርጌ ነው። ሲያልቅ ገልብጬ ልለጥፈው። የሰበካው ሽማግሌዎች ሊያዩ የመጡ ዕለት ገልብጬ አቆምሁላቸው። አያ ደምሴ ከኋላ ቆሞ ቢመለከት ቢመለከት አላስቻለውም።

«የኔታ፣ የተሰቀለ በግ አይተው አያውቁም? ደም ሽቅብ ሲወጣ ወላሂ ዛሬ ገና አየሁ!»

እውነቱን ነው። ከችንካሩ የወረደው ደም ሸራው ሲገለበጥ ወደ ሰማይ ይፈስስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቄሰ ገበዙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ ደምሴ ፊቴ መለዋወጡን አየና ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አብሽሩ የኔታ፣ የቅዱስ ደም ነው፣ ሽቅብም ቢወጣ ማን ይከለክለዋል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። ከሳቁ ይልቅ ማጽናናቱ አቃጠለኝ።

ደሙን እኩለ ቀን ሳይሆን አስተካከልሁት። አንድ ጨርቅና ትንሽ ቀለም በቃው። ይህን ልብ በል፤ ስሕተትን ማረም ለእኔ ቀላል ነበር።

በማግስቱ ቶማስን ጀመርሁ። እጄ ሳተብኝ ብዬ ልዋሽህ እችላለሁ፤ አልሳተብኝም። ሐዋርያውን በአንድ ቀን ጨረስሁት። ገፋፊው ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጫፍ የሌለውን ጆሮ ሣልሁ። የቀንድ እጀታ ያላትን ቢላዋ ሣልሁ። ሲገፍፍ ከንፈሩን እንደሚነክስ አይቼ ነበርና ያንንም ሣልሁ። አንድ ዓይን ሰጠሁት። እኔ አደረግሁት፣ አውቄ፣ እየተደሰትሁ። ከዚያ ወዲያም ከዚያ ወዲህም ሰው የመሰለ ሰው ሥዬ አላውቅም።

ሥዕሎቹን የሸፈነው መጋረጃ የተገለጠው ሐምሌ አምስት፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ቀን ነው። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና «አያ ደምሴ!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ተሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀረና ሹክሹክታው ቀጠለ። የዚያ አገር ሰው ሠዓሊ ከራሱ አይሥልም፣ የሚሥለው ከላይ ይገለጥለታል ብሎ ያምናል። «ያለ ነገር አልተሣለም» ተባለ። እኔ ይህን እምነታቸውን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የተማመንሁትም በእሱ ነው።

በዚያ ቀን በግ ያረደ ሁሉ ራሱ ገፈፈ። ለመስቀል ቅርጫ ገፋፊ ከሌላ ቀበሌ አስመጡ። የአያ ደምሴን ልጅ ጋብቻ የጨረሱት የከላላ ሰዎች ለንግሥ መጥተው ግድግዳውን አዩና፣ «ከቶማስ ገፋፊ ዘር አንዛመድም» ብለው ላኩ።

እኔ የግድግዳው ጠርዝ ሐረግ ስለቀረኝ ገና እዚያው ነበርሁ፤ አያ ደምሴ ወዳረፍሁበት ቤት መጣ። አልተቆጣም። «የኔታ፣ እኔ ነኝ?» አለኝ። «ሰው ሰውን ይመስላል» አልሁት። ጆሮውን ዳበሰና ወጣ።

እሱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ሚስቱ እትዬ ዘነቡ መጣች። እኔ የመጨረሻውን ሐረግ እየቀባሁ ነበር። እግሬ ላይ ወደቀች።

«የኔታ፣ አንዲት ዓይን ይጨምሩለት። ጆሮውንም ቢላዋውንም ይተዉት። ሁለት ዓይን ካለው ሰው ያዝንለታል።»

«ሥርዓት አይፈቅድም፤ ክፉ ሰው በሁለት ዓይን አይሣልም» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ለባሏ ሰው ሰውን ይመስላል ብዬ፣ ለእሷ ክፉ ነው አልሁ። ብሩሹ በእጄ ነበር፣ ቀለሙም አልደረቀም። የጴጥሮስን ደም ለራሴ ክብር ስል መለስሁ፣ ለእሷ ዕንባ ግን አንዲት ዓይን ነፈግሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ዕቃዬን ጭኜ ወደ ደጎሎ ሌላ ሥራ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ አያ ደምሴ ቅጽር አልገባም አሉ። ክረምት ከበጋ ከበሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድስ ነበር። በአራተኛው ዓመት ሞተ። ለቀብሩ አገር ምድሩ ወጣ፤ ለሞተ ማን ይቀራል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋሁት እኔ ነኝ፤ አልረሳሁትም፤ ግን ሃያ ዓመት አልተመለስሁም።

ዘንድሮ ቀለሜን ይዤ ሄድሁ። እትዬ ዘነቡን በደቡቡ በር አገኘኋት፤ አርጅታለች። ጴጥሮስን አለፈች፣ ጳውሎስን አለፈች፣ ቶማስንም አለፈች። ገፋፊው ዘንድ ስትደርስ ግድግዳውን ሳመች። ከንፈሯ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቅቋል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ዓይኑን ልጨምርለት መጣሁ» አልኋት።

ነጠላዋን ከፊቷ መለስ አድርጋ አየችኝና ለየችኝ።

«አይንኩት» አለችኝ። «ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ በቀር ተነሥቶ አያውቅም፤ እሷም ጠፋችብኝ። መልኩን የማየው እዚህ ነው። አሁን ቢነካኩት ሌላ ሰው ያደርጉብኛል።»

«ይቅር...» ብዬ ጀመርሁ።

«ያኔ እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎ የት ነበሩ?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ቀለሜን ይዤ ተመለስሁ። አንተም ይቅር በለኝ አልልህም፤ ልጅነት ነው፣ ንዴት ነው ብለህም አታቃልልልኝ። ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ከሄድህና አያ ደምሴን ግድግዳው ላይ ካየኸው፣ እሱ ማንንም አልገፈፈም። ገፋፊው እኔ ነበርሁ፤ ያውም በሁለት ዓይኔ እያየሁ።