መሸሻ የቆለፈው ታሪክ

መሸሻ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰፈርተኛው «ኢንጂነር» ይለዋል። ኢንጂነር አለመሆኑን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሰጠውን ማዕረግ መመለስ ነውር ነው ብሎ ዝም አለ። ሦስት ወር ሠልጥኖ ያገኛት የኮምፒውተር ሰርተፍኬት መስታወት ለብሳ ከማሽኑ በላይ ተሰቅላለች። ፋይል ጠፍቶበት የመጣን ደንበኛ ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ ያየውና ከንፈሩን ይመጥጣል። «እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትማሩት?» ይላል። ሰዎቹ እስካሁን ይማሩ አይማሩ እንጃ። እሱ ግን ባለፈው ዓመት ተማረ።

ነገሩ የጀመረው በአክስቱ በእትዬ ሰርኬ ነው። እትዬ ሰርኬ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከእምድብር ወዲያ ካለ መንደር ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሲሆን፣ እንዴት እንደመጡ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ወንድሜ ይዞኝ መጣ።» አንድ እሑድ ከጸሎት መልስ መሸሻን ብቻውን አስቀሩትና በሩን ዘጉ።

«ወንድሜ አላመጣኝም» አሉት። «እውነቱን ልንገርህና ጻፈው። ስሞት ይነበብ። እስከዚያ ግን ሚስትህም ብትሆን እንዳታየው።»

«እኔ የቆለፍኩትን እንኳን ሰው ሰይጣንም አይከፍተውም» አለ መሸሻ።

ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እሳቸው ተናገሩ፤ እሱ ጻፈ። ሽማግሌዎች ለማይወዱት ሰው ሊሰጧቸው ሲሉ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥተው ቆጮ የጫነ መኪና ላይ እንደተሳፈሩ፣ ሾፌሩ ያደሳ የሚባል የወሊሶ ልጅ እንደነበረ፣ ኮልፌ በእሱ ቤት ሁለት ዓመት እንደኖሩ፣ ከዚያ ያደሳ ጅማ ሄዶ ሳይመለስ እንደቀረ ተረኩለት። ሟቹን ባላቸውን ያገቡት ከዚህ በኋላ ነበር። መሸሻ ዘጠና ስድስት ገጹን ሱቁ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጻፈና ፎልደሩን ሌላ እንዳይከፍተው ቆልፎ ኢንክሪፕት አደረገው። የፋይሎቹ ስም ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ለመለወጡ የተጫነው አንዲት ቁልፍ ብትሆንም፣ የባንክ ካዝና የሠራ ያህል ተሰማው።

ከዚያ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቱ ተቀምጦ እንዲሠራ ላፕቶፕ ገዛ። ፋይሎቹን በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ሁሉም አሉ፤ ስማቸው አረንጓዴ፣ ቁጥራቸው ልክ። አንዱን እንኳ ከፍቶ ሳያይ፣ «አበቃ!» ብሎ በነጋታው ሱቁ ያለውን ኮምፒውተር ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ ፎርማት አደረገው። ሲንቀራፈፍ ስለቆየ አዲስ ሕይወት ሊሰጠው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ መሸሻ ግን አፍሶ፣ ያፈሰሰበትን ወለል ደግሞ አጠበው።

በሳምንቱ እትዬ ሰርኬ፣ «ያን የመኪናውን እስቲ አንብብልኝ፤ የረሳሁት እንዳይኖር» አሉት። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ፋይሉን ነካ። ይህን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት መጣ። ደግሞ ነካ። ፈቃድ የለህም። ዘጠና ስድስቱን ገጽ በሁለት ጣቱ የለቀመውን እሱን፣ የራሱ ላፕቶፕ እንደ ማያውቀው ዘበኛ በር ላይ አቆመው።

«ምን ይላል?» አሉ አክስቱ።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አለ። ባትሪው ሙሉ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ እዚያ ቤት የተነገረ የመጀመሪያው ውሸት የሱ መሰለው፤ በዚህም ተሳስቶ ነበር።

ከዚያ ቤት ወጥቶ በቀጥታ የሄደው የወንድሙ ልጅ ናዝራዊት ዘንድ ነው። ናዝራዊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ መሸሻ እስከዚያ ቀን ድረስ ምክር ሲሰጣት እንጂ ሲጠይቃት ታይቶ አያውቅም።

«ፓስወርዱን አውቀዋለሁ እኮ!» አላት።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱ ኮምፒውተሩን ነው የሚከፍተው። ፋይሎቹን የቆለፈው ያ ኮምፒውተር ራሱ የሠራው ቁልፍ ነው። እሱን ይዘው ካልሄዱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም። ሰርተፍኬቱን አውጥተው አስቀምጠውት ነበር?»

«ሰርተፍኬቴማ ሱቅ ተሰቅሏል» አለ በኩራት። «ምነው፣ ያስፈልጋል?»

ናዝራዊት ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የእርስዎን አይደለም፤ ቁልፉ ያለበትን ነው። ግድ የለም፣ አሮጌው ኮምፒውተር ካለ ዛሬም ማውጣት ይቻላል። አለ አይደል?»

«አለ!» መሸሻ ከወንበሩ ተነሣ።

«ፎርማት አልተደረገም አይደል?»

መሸሻ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ማን ነው ፎርማት ያደረገው?»

«አንድ ባለሙያ» አላት።

ማታ ለሚስቱ ለገበያነሽ ነገራት። ምን እንደተጻፈ ሳይሆን፣ ምስጢር የሆነ ጽሑፍ እንደጠፋበት ብቻ።

«የአክስትህ ነው?» አለች እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

«በምን አወቅሽ?»

«ስምንት ወር እሑድ እሑድ እየሄድክ ሰኞ ሰኞ ስታትም፣ በምን አላውቅም? ለመሆኑ በእስክርቢቶ ስታርማቸው የነበሩት ወረቀቶች የት ገቡ?»

መሸሻ መጀመሪያ ደስ አለው። ወዲያው ላብ አጠመቀው። ኮምፒውተሩን ሰይጣን እንዳይከፍተው አድርጎ ሲቆልፍ፣ ለእርማት ያተማቸውን ገጾች አርሞ አርሞ የወረወራቸው ሱቁ በር ላይ ያለች ካርቶን ውስጥ ነው። የካርቶኗን ወረቀት ደግሞ በየቅዳሜው የምትወስደው እሙ ናት። እሙ ከሱቁ አጠገብ ቆሎ ትሸጣለች፤ ቆሎዋን በወረቀት ጠቅልላ።

በነጋታው ሱቁን ሳይከፍት እሷ ዘንድ ቆመ።

«ከኔ የወሰድሻቸው ወረቀቶች አሉ?»

«ጋሽ መሸሻ!» አለች እሙ ብድግ ብላ። «እኔስ ስንት ጊዜ ልጠይቅዎት እያልኩ ፈራሁ። ያቺ መኪና ላይ የተሳፈረችው ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ሾፌሩን አገባችው?»

«አነበብሽው?»

«እኔ ብቻ? ታክሲ ተራ ያሉት ሁሉ! አንዱ ወያላማ ቀጣዩን ገጽ ፍለጋ በቀን ሦስቴ ቆሎ ይገዛኝ ነበር። እኔም ሳላነብ የጠቀለልኩት አለ፤ አሁን ይቆጨኛል።»

የቀሩት አራት ወረቀቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ዘይት ጠጥተዋል። ሌላው በየሚኒባሱ ተበትኖ፣ ከተማዋን ዞሮ ቆሼ፣ ቆሻሻ መጣያው ገብቷል። መሸሻ አራቱን ተቀብሎ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የጻፈው ሰው እንዳያነበው ተከልክሎ፣ የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ሕዝብ ቆሎ እየቆረጠመ አንብቦታል። መጀመሪያ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ በኋላ ሳቁ መጣ፤ እሙ ደንግጣ ውሃ አመጣችለት።

እሑድ ለእትዬ ሰርኬ ሁሉንም ተናዘዘ። ባትሪውን ሳይቀር። አራቱን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አኖረና አንገቱን ደፋ። አክስቱ ዘይት የነካውን ወረቀት አሸተቱት።

«ስሜ አለበት?»

«የለበትም። ‹ልጅቷ› እያልኩ ነው የጻፍኩት።»

«እና ሰዎቹ ምን አሉ?»

«እ?»

«ያነበቡት ናቸዋ! ስለ ልጅቷ ምን አሉ?»

«ሾፌሩን አገባችው ወይ ይላሉ።»

እትዬ ሰርኬ ወረቀቱን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ምስጢሬን ጠብቅልኝ ብልህ ከራስህ ጠበቅኸው!» አሉ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«መሼ፣ ደግሞም ጠፍቶ ደግ አደረገ። ያደሳ ሳይመለስ ቀረ ያልኩህ ውሸት ነው። ተመልሷል። ጅማ አምስት ወር ሲቆይብኝ ለሟቹ ባሌ እሺ ብዬ ነበር። ሲመጣ ከበሩ ጀርባ ተደብቄ፣ ጎረቤቴ ‹አገሯ ገብታለች› እንድትለው አደረግሁ። ያመጣልኝን ማር ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቆልፌዋለሁ እያልከኝ እንኳ ይህን መናገር አፈርኩ።»

መሸሻ ካዝናው ውስጥ ስምንት ወር የጠበቀው፣ ዋናው ነገር የጎደለው ታሪክ ነበር።

«ገበያነሽን ጥራት» አሉ እትዬ ሰርኬ። «ያቺን የተማረችውን ልጅም። አንድ ጊዜ ነው የምናገረው።»

ዳግመኛው ጽሑፍ አምስት ወር ፈጀ። የቆለፉት ዳግም የቆሎ ወረቀት እንዳይሆን ነው እንጂ፣ ከቤቱ ሰው የሚደበቅ ነገር አልቀረም። መቆለፉን ያስተማረችው ናዝራዊት ናት፤ ቁልፉን በፓስወርድ አድርጋ አወጣችና ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀመጠችው። አንዱን እሷ ያዘች። ሌላውን እትዬ ሰርኬ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። መሸሻ ቁልፉን ላፕቶፑም ላይ ጫነ፤ ከዚያ እዚያም እዚህም ከፍቶ አየ፤ ዘግቶ እንደገና ከፈተ፤ ገበያነሽ «ምጣዱ ላይ ያለ ዳቦ ነው እንዴ?» እስክትለው ድረስ።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፑን ይዞ አክስቱ ቤት ሄደና የመኪናውን ታሪክ አነበበላቸው። ፋይሉ በአንድ ንክኪ ተከፈተ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ሲጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መኪናው ሰማያዊ አልነበረም» አሉ። «ቀይ ነበር። አርመው። ደግሞ ያደሳ ሲነዳ ያዜም ነበር፤ እሱን አልጻፍከውም። ጻፍ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

መሸሻ መነጽሩን አስተካክሎ በሁለት ጣቱ ጀመረ።