አርባ ሁለተኛው መስመር

ባሌን ተበቅዬዋለሁ። ዛሬም ቢሆን ለእሱ አላዝንም። የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ ታላቅ እህቴ ነው።

እህቴን በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም «ደብተሬ» ይሏታል። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የብሬል መጻሕፍት በሚያዘጋጅ ማተሚያ ቤት ነው የምንሠራው፤ እሷ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እኔ ጠራዥ፣ ባሌ ደግሞ የእሷ ረዳት። ሁለታችንንም ያስቀጠረችን እሷ ናት። ስሙ የወጣላት ደብተር ከብብቷ ስለማይለይ ነው። የሠራችውን ሁሉ ትጽፋለች፤ አንድ ብሎን ስንት ጊዜ እንደተዞረ ሳይቀር። ለራሷ ብላ አይደለም፣ «ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ እንዳይቸገር» ብላ ነው። ልጆች ሆነን እናታችን ሱቅ ስትልከን እኔ በቃሌ ይዤ ሄጄ ግማሹን ረስቼ እመለሳለሁ፤ እሷ ጽፋ ሄዳ ሁሉንም ይዛ ትመጣለች። ኩርኩሙ ለእኔ፣ ምርቃቱ ለእሷ ነበር።

አላገባችም። ጠያቂ አጥታ አይደለም። አንዱን አስተማሪ ሁለት ዓመት ካስጠበቀችው በኋላ «ያነሣውን ዕቃ ቦታው አይመልስም» ብላ ተወችው። አባታችን ሲሞት እናታችንን የጦረችው፣ እኔን ያስተማረችኝ፣ የሠርጌን ቀሚስ ያሰፋችልኝም እሷ ናት። ያን ቀሚስ ለብሼ ያገባሁትን ሰው ደግሞ አጠገቧ አስቀምጣ ሥራ አስተማረችው።

ማተሚያችን አሮጌ ነው። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሥርዓት ይሠራል፤ ተራውን ጽሑፍ ወደ ነጥብ የሚቀይረው ፕሮግራምም በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ነፃ ነው ማለት ግን አልቆለት ይመጣል ማለት አይደለም። ለእኛ ማሽን የተሰናዳ ስለሌለ ኮዱን አውርዶ እዚያው ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው መለወጥ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ አስቀድመው መጫን ያለባቸው ፓኬጅ የሚባሉ ሌሎች አጋዥ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱን ትጭናለህ፣ ትሞክራለህ፣ ማሽኑ «እገሌ የለም» ብሎ ይቆማል። እገሌን ስታመጣለት «እገሊትስ?» ይላል። ስሙን አግኝተህ እንኳ መጨረሻው ላይ ለኮምፓይል የሚሆነውን ቅጂ የሚለየው «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ካልተጨመረበት ድካምህ ሁሉ ገደል ይገባል። እህቴ በዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። በየቀኑ ምሳ ሰዓት እየሄድኩ «ዛሬስ ምን አማረው?» እላታለሁ። «ሆዱ አይሞላም» ትለኛለች፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል። ዝርዝሩ አርባ አንድ ሲደርስ ፕሮግራሙ ተነሣ፣ ማተሚያው የመጀመሪያውን ገጽ መብሳት ጀመረ። በአርባ ሦስት ዓመቷ እንደ ሕፃን ዘለለች።

ወዲያው ታይፎይድ ጣላት። ሁለት ሳምንት እኛ ቤት አስታመምኳት። ባሌ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ «እትዬ እስክትድን ሥራው እንዳይቆም ደብተሯን አንዴ ስጪኝ» አለኝ። እሷ ትኩሳቱ አድክሟት ተኝታለች። ከትራሷ ሥር ስቤ በገዛ እጄ ሰጠሁት።

እሷ አገግማ ሥራ በገባች በሳምንቱ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠረዙ አሥራ ሁለት ቅጂዎች መጡልኝ። ሽፋኑ ላይ «የብሬል ፕሮግራም መጫኛ መመሪያ» ይላል፤ ከሥሩ «አዘጋጅ» ተብሎ የባሌ ስም። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። አጠገቤ ለምትሠራው ጠራዥ ሳይቀር አሳየኋት። የገጾቹን ቅደም ተከተል ላጣራ ስገልጥ ሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። «ይኼኛው ጊዜ ይወስዳል፣ አትደንግጥ። እንደ እህቴ ነው፤ ተቆጥቶ ተቆጥቶ በመጨረሻ እሺ ይላል» ይላል።

ባሌ እህት የለውም። ያሉት አምስት ወንድሞች ናቸው። ተቆጥታ ተቆጥታ እሺ የምትለዋ እህት እኔ ነኝ።

ሲሰርቅ እንኳ አላነበበውም! ይሄ ነው ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ። የማተሚያ ቤታችን ዳይሬክተር በዚያው መመሪያ ምክንያት የክፍል ኃላፊ አደረገችው። ማታ ቤት ስጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ? የእሷ፣ የእኔ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። በማግስቱ እህቴ ዘንድ ሄጄ ለዳይሬክተሯ ልንገር አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። «ሁለት ልጆች አሉሽ። በአንድ ደብተር ቤትሽን አታፍርሺ።»

«ስምሽ እኮ ነው!»

«ስሜን ምን አደርግበታለሁ? ፕሮግራሙ እየሠራ ነው።»

ዋጠችው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስምንት ወር ሙሉ ፈቃድ ስትፈልግ ለእሱ እያመለከተች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ «እስቲ አየዋለሁ፣ እትዬ» እያለ ሲመልሳት በዓይኔ አየሁ። ቂም ቋጠርኩ። ሸሚዙን እየተኮስኩ፣ እራቱን እያቀረብኩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ ያ ስም ከሽፋኑ ላይ በሰው ፊት ተፍቆ የእሷ እንዲጻፍበት።

ቀኑ መጣ። አሮጌው ኮምፒውተር እያቃሰተ ስለነበር አዲስ ተገዛ። የዓመቱ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዳይሬክተሯ የቦርድ አባላትንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን ጋበዘች፤ ባሌ በእነሱ ፊት ፕሮግራሙን ከመመሪያው እያየ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፣ ከዚያ የፈተናው ወረቀት መታተም ይጀምራል ተባለ። እህቴ ይህን ስትሰማ ጥረዛ ክፍል መጥታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አንድ ነገር ጎድሎታል» አለችኝ። «የፊደሎቻችንን የነጥብ ሠንጠረዥ የያዘውን ላይብረሪ፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍበትን ፓኬጅ፣ እኔ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ለሌላ ሥራ ብዬ በእጄ ኮምፓይል አድርጌ ጭኜው ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ስጽፍ ማሽኑ አልጠየቀኝም፤ ስላልጠየቀኝ አልጻፍኩትም። እዚያ ኮምፒውተር ላይ አርባ አንዱ ይበቃል። አዲሱ ላይ አይበቃም።»

«የራስሽ ስህተት ነዋ!»

«የራሴ። ከነስህተቴ ነው የሰረቀኝ።»

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍሴ መለስ አለች። ይሄ እግዜር የላከው ነው አልኩ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ግን ፊቷ ሌላ ሆኖ መጣች። ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት ይዛለች፤ አራት መስመር ትእዛዝ ተጽፎበታል፣ ከላይ «42» የሚል ቁጥር።

«ስጪው» አለችኝ። «እኔ ፊቱን አይቼ መናገር አልችልም። አንቺ ስጪልኝ።»

«አበድሽ እንዴ? ነገ እኮ ነው የሚዋረደው!»

«ፈተናው ቢዘገይስ? ልጆቹ ምን አደረጉ? ስጪው ብያለሁ።»

ተቆጣሁ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ እሺ አልኩ። ወረቀቱን የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እዚያው አደረ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ባሌ ዳቦውን እየቆረሰ «እህትሽ ስለ ዛሬው ምንም አላለችም?» አለኝ።

«ምን ትበል?»

«እንዲያው… የጎደለ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

ሻዩን አፉ እስኪቃጠል በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ወጣ።

እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዙ። እኔ የናሙና መጻሕፍት ተሸክሜ ስለገባሁ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ባሌ አዲስ ክራቫት አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ መመሪያውን እየገለጠ አንድ በአንድ ጫነ። አርባ አንዱም ያለችግር ገቡ። ቀና ብሎ ፈገግ አለና ኮምፓይል እንዲያደርግ አዘዘው። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመረ፣ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ቀይ መስመር አወጣና ቆመ። ደገመው። ቆመ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ቆመ።

ከእንግዶቹ መካከል ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ ርዕሰ መምህር አሉ። ዝምታው ሲረዝምባቸው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ምን ይላል? እኔ አላይም፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉት።

ባሌ ስክሪኑን አፈጠጠበት። የጎደለው ነገር ስም እዚያው ቀዩ መስመር ላይ ተጽፏል። ለዓመታት አጠገቧ ተቀምጦ ይህን ማንበብ አልተማረም።

«ማሽኑ… ትንሽ ደክሞታል መሰለኝ።»

«አዲስ ነው አላላችሁኝም?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የባሌ አንገት በላብ ራሰ፣ ክራቫቱን ለማላላት ሲታገል ይባስ አጠበቀው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ ብሎኛል።

ዳይሬክተሯ «ደብተሬን ጥሯት» አለች። እህቴ ገባች። ቀዩን መስመር አየችና ወደ ባሌ ዞረች።

«እሱን አልጫንከውም?»

«የቱን?» አላት። ከልቡ ነበር የጠየቃት፤ አለማወቁ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ያኔ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መጻሕፍቱን ማስተካከል ጀመርኩ። እሷ ተቀመጠች፣ አራቱን መስመር ከቃሏ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ኮምፓይል አደረገች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማተሚያው መብሳት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ ተቀብለው በጣታቸው ሄዱበትና «ጥርት ያለ ነው» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አሁን ነው፣ አሁን ስሟ ይነሣል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

ዳይሬክተሯ መመሪያውን አንሥታ ገለጠችው። «ይሄ አሁን የጻፍሽው እዚህ ውስጥ የለም። አንቺ ግን ታውቂው ነበር?»

«አዎ።» እህቴ ውሸት አትችልም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይሄ ኮምፒውተር እንደተገዛ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም? ፈተና እኮ ነው! ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እስኪያፍር ጠበቅሽ?»

«ለእህቴ ሰጥቻት ነበር» ማለት ትችል ነበር። ሦስት ቃል። እኔም «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ስምንት ወር ስፎክር የኖርኩት ሴትዮ ፈራሁ። ሥራዬን፣ ልጆቼን፣ እዚያ የቆመውን ባሌን አሰብኩና መጻሕፍቱን ማስተካከሌን ቀጠልኩ።

«ረሳሁት» አለች እህቴ።

«አንቺ?» አለች ዳይሬክተሯ። «ብሎን ስንት ጊዜ እንደዞረ የምትጽፊ ሴት፣ ረሳሁት ትያለሽ?»

ማንም አላመናትም። ከኋላ አንዱ የቦርድ አባል «ሹመቱ ቢያመልጣት ጊዜ…» ሲል ሰማሁት።

ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ከመናገሯ በፊት ግራና ቀኙን አየች።

«አልሰጠሽውም።»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እትዬ። ስምሽን…»

«ወረቀቱ የት አለ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«አሁኑኑ ገብቼ እነግራታለሁ» አልኩ፣ ማልቀስ እየጀመርኩ።

«ንገሪያት። ሥራሽንም ትዳርሽንም ባንድ ቀን ታጫለሽ። ታዲያ እኔ ስምንት ወር ሙሉ የዋጥኩት ለምን ነበር?» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ በተሻለኝ።

አልነገርኩም። ባሌ ከኃላፊነቱ ወርዶ ወደ ረዳትነቱ ተመለሰ፤ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ አያየኝም፣ እኔም ግድ የለኝም። እህቴ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ኃላፊነቱ ከሌላ መሥሪያ ቤት ለመጣች ወጣት ተሰጠ። መመሪያው እንደገና ታተመ፣ አርባ ሁለት መስመር ሆኖ፤ አዲሷ ኃላፊ ሽፋኑ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ አደረገችበት። የጠረዝኩት እኔ ነኝ።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ኃላፊዋ በየክፍሉ እያዞረች ታስተዋውቃለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። የእህቴ በር ጋ ሲደርሱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከእሷ ብዙ ትማራላችሁ፣ ግን የምታውቀውን ትደብቃለች፤ ደጋግማችሁ ጠይቋት» አለቻቸው። ጥረዛ ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል፤ እህቴም ሰምታለች። ተነሥታ ሁለቱንም በእጇ ጨበጠቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው።