ለዶክተሯ ሽማግሌ የላክን ዕለት

አንጋጫ፣ ከዶክተሯ ወላጆች ደጃፍ የቆምነው አራት ነበርን። አንደኛው ሆሳዕና ባለው ዩኒቨርሲቲያችን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ የጊምቢቹ ሰው፣ የዕለቱን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ትተው የመጡ። ሁለተኛው አባባ የምንላቸው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጡረተኛ መምህር፣ ሀዲይኛም ከምባትኛም የሚናገሩ፣ ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ጋብቻ ያስማሙ። ሦስተኛው ሾፌራችን፣ ሽበት ስላላቸው ብቻ ከሽማግሌ የተቆጠሩ። አራተኛው እኔ፣ ኮምፒውተር በራሴ የተማርኩ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአስተማሪነት ጡረታ የወጡት አባትየው፣ እናትየው፣ እና የመጣንባት ዶክተሯ ነበሩ።

ዶክተሯ ባዮኢንፎርማቲክስ ውጭ አገር ተምራ ተመልሳለች። ሙያው ከደም ናሙና የወጣውን የዘር መረጃ በኮምፒውተር ማንበብ ነው። ኃላፊያችን በሶሮና በባደዋቾ ገጠሮች እየዞሩ፣ እግራቸው ካበጠባቸው ቤተሰቦች ናሙና ሲሰበስቡ ዓመታት አልፈዋል። ሁሉም በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ እብጠቱ አንዱን ቤተሰብ ይዞ አጥር የሚጋራውን ለምን እንደሚተው ማወቅ ነበር ሐሳባቸው። መረጃውን የሚያነብ ሰው ግን አልነበረንም። የቅጥር መደቡ የሚቆየው እስከዚያ ሳምንት ዓርብ ብቻ ነው፤ ሰው ካልተገኘ መደቡ ይታጠፋል፣ ሥራውም እዚያው ላይ ይቀራል። ዶክተሯን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም ይፈልጋታል። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ ደውለው ያገኙት መልስ "ላስብበት" የሚል ብቻ ነበር።

አባባ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "የሰው ልጅ በስልክ ትጠይቃላችሁ? አባቷ በሕይወት እያሉ?"

ሽማግሌ የመላኩ ሐሳብ የመጣው እንዲህ ነው።

አባትየው ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። ገባን፤ እንደ ደንቡ ግን አልተቀመጥንም። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል" አሉ።

ከመካከላችን ላጤ የምመስለው እኔ ነበርኩ። አባትየው ከራሴ ጀምረው ጭቃ እስከጠጣው ጫማዬ ድረስ አዩኝ። "ልጁ ይሄ ነው?"

"እሱ አጃቢ ነው" አሉ አባባ። "ልጁ ዩኒቨርሲቲው ነው።"

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አባትየው ፊታቸውን ሳይፈቱ ቀጠሉ። "ዕድሜውስ?"

"ገና ለጋ ነው።"

"ቤት አለው?"

"አለው" አሉ ሾፌሩ። "ግማሹ ጣሪያ ቀርቶታል እንጂ።"

ኃላፊያችን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ትተው ስለ ናሙናዎቹና ስለ ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ አስረዱ። አባትየው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "መልካም። ዘመድ እንጠይቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አሉ።

የሠራነው ስሕተት የገባን ያኔ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ከተባለ ልጅቷን ማቅለል ነው። አክብረን ሄድን፣ እሳቸውም አክብረው ቀጠሮ ሰጡን። ዓርብ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ተከራክሮ ቀጠሮ ማሳጠር ነውር ስለሆነ እጅ ነስተን ወጣን።

ዝናብ ስለጀመረ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባን። ኃላፊያችን ሻያቸውን ሳይነኩ ብርጭቆውን ብቻ ያያሉ። "በገዛ እጃችን አበላሸነው" አሉ። አባባ ግን ሻያቸውን ጨርሰው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ሁለተኛ መምጣት አለብን ነው የተባለው። እንግዲህ ሁለተኛ እንሂድ።"

አባትየው በሩን ከፈቱ። "ሁለቱ ሳምንት አለፈ?"

"ዝናቡ አሳጠረው" አሉ አባባ።

አባትየው መሳቅ ሲጀምሩ ዶክተሯ ራሷ ከጓዳ ወጣች። "አባዬ፣ ጥሎሹን እኔ ልጠይቅ" አለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትንተናው እዚሁ ይሠራ፤ መረጃው ወደ ውጭ ተልኮ እኛ ውጤት ጠባቂ እንዳንሆን። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከየትም በፊት ደም ለሰጡት ቤተሰቦች በገዛ ቋንቋቸው ይነገር። ኃላፊያችን ለሁለቱም እሺ አሉ፤ ፈጥነው ስላሉት ሳይሆን አይቀርም እሷ አላመነችም። ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ነህ ሰርቨሩን የምትይዘው? መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል?"

"ይጠፋል" አልኩ።

"ጄኔሬተርስ?"

"አለ። አይሠራም።"

ኃላፊያችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተሯ ግን ሳቀች፣ ከልቧ። "አዲስ አበባ ሁሉም ነገር አለ ብለውኝ ሄጄ ሳይ ኬብሉም አልተዘረጋም" አለች። "የሌለውን ‘የለም’ ካላችሁኝ ግን ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። ሐሙስ መጥቼ እፈርማለሁ።"

ያኔ ተቀመጥን። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ፤ ኃላፊያችን ከሁላችን በላይ በሉ። ስንመለስ ሾፌሩ እስከ ሆሳዕና ድረስ ሠርግ የሚሸኙ ይመስል ጡሩምባ እየነፉ ነዱ፤ የከለከላቸውም የለም።

ይህ እኔ የማስታውሰው ነው። እናትየው ቆጮውን ሲያቀርቡ ለአባባ በከምባትኛ አንድ ነገር ብለዋቸው አባባ እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል፤ እኔ ሀዲይኛ እንጂ ከምባትኛ አልሰማምና አመለጠኝ። ዶክተሯም ከጓዳ ሆና እኛ ሻይ ቤት ሳለን ከአባቷ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ የጎደለውን ጨምሩልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ።