የግራ ጫማው ታኮ

ኦርቪል ቲደማን በስልሳ ስምንት ዓመቱ አጭበርባሪ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ወረፋ ሳይጠብቅ የትም ገብቶ የማያውቅ፣ ካርታ ሲጫወት እንኳ የጎረቤቱን እጅ ላለማየት ዓይኑን ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር። አሳማ ሲያረባና በቆሎ ሲዘራ የኖረ የአዮዋ ገበሬ ነው። ያጭበረበረው ደግሞ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት የሚሰማውን ቃል ላለመስማት ነው፤ «ድነዋል» የሚለውን።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ እሑድ ነው። ለመዝሙር ብድግ ሲል ወለሉ ከእግሩ ሥር ሸሸ፣ መስኮቶቹ ዞሩ፣ አግዳሚውን ያዝኩ ሲል ፊት ለፊቱ የነበረችውን ባልቴት ባርኔጣ ጨብጦ ተዘረረ። በሉተራን ቤተ ክርስቲያን በጠዋት የሚንገዳገድ ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። በማግስቱ ካፌ ሲገባ የልጅነት ጓደኛው ዴልበርት ገና በሩ ላይ ሳለ ተቀበለው።

«ሰካራሙ መጣ! ከቁርባኑ ወይን ምን ያህል ተረፈልን?»

«አዞረኝ እኮ ነው የምልህ። ጆሮዬ ይጮኻል፣ መሬቷ ትዞራለች።»

«መሬትማ ድሮም ትዞራለች። አንተ ገና ዛሬ ባነንክ እንጂ።»

ሐኪሙ የውስጥ ጆሮ ችግር ነው ብሎ ክኒን ሰጠው፤ ክኒኑ አስተኛው እንጂ ማዞሩን አላስተወውም። አልጋ ላይ በተገላበጠ ቁጥር ጣሪያው እንደ ወፍጮ ይዞርበታል። ደረጃ መውጣት ቀረ፣ መንዳት ቀረ። በመጨረሻ ዴልበርት በራሱ ፒክአፕ ጭኖ፣ ማዞር የያዘው የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚሄድበት ወሰደው፤ ወንዙ ዳር ወዳለው ግራጫ ቤት፣ ወደ ዶክተር ሉኤላ ቮስ።

ሉኤላ የአንገት ወጌሻ ናት ቢባል ይቀላል። ባል አላገባችም፣ ወሬ አታበዛም። ወገብም ጉልበትም አታይም፤ ሥራዋ ራስ ቅልን ከተሸከመችው ከላይኛዋ የአንገት አጥንት ጋር ብቻ ነው። ሰውዬውን ከነጫማው በሆዱ ታስተኛውና ሁለቱን ታኮ ገጥማ ታያለች። ራሱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታስዞረዋለች። አንዱ እግር ካጠረ አንገቱ ሥራ አለበት ማለት ነው። እኩል ከሆኑ ግን ንጉሥም ቢመጣ እጇን አታነሳም፤ «አንገትዎ ቦታውን ይዟል፣ ይሂዱ» ብላ ታሰናብታለች። አንገቱ የተቃና ሰው ደግሞ መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ብርድ ልብስ ለብሶ አንድ ሰዓት ያርፋል።

የዚያን ቀን የኦርቪል ቀኝ እግር አንድ ጣት ያህል አጥሮ ተገኘ። በጎኑ አስተኛችውና መዳፏን ከጆሮው ሥር አስገብታ ራሱን እንደ እንቁላል ያዘችው። ጫን አደረገችው፤ መጫኗንም በቅጡ አላወቀም።

«አለቀ?»

«አለቀ። አሁን ይረፉ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ተጋድሞ አለቀሰ። ለምን እንደሚያለቅስ መጀመሪያ አልገባውም፤ ኋላ ገባው። ሚስቱ ኸርታ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከእሷ ወዲህ ራሱን የነካው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው፤ እሱም በመቀስ ነው።

በየሐሙሱ ይመላለስ ጀመር። ማዞሩ እየቀነሰ፣ የጆሮው ጩኸትም እየተወው መጣ። ያዳነው እጇ ነው፣ ክኒኑ ነው፣ ወይስ ጊዜ ራሱ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ካፌው ውስጥ ለመከራከር የፈለገ ግን ከዴልበርት ጋር ይችለዋል። ሐምሌ ላይ ኦርቪል ራሱ እየነዳ መሄድ ቻለ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ሉኤላ ታኮዎቹን ገጥማ አየችና እጇን ሳታነሳ ተነሳች። በሦስተኛው ሐሙስ ፈገግ አለች።

«ይዞልዎታል ኦርቪል። ድነዋል። እንኳን ደስ ያለዎት! ከእንግዲህ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይበሉ።»

ኦርቪል አመስግኖ ባርኔጣውን ደፋ። ሦስት ወር! ቤቱ ገባ፣ የአሳማ ሥጋውን ዕቃ ማጠቢያው ዘንድ ቆሞ በላ፣ የበቆሎ ዋጋ ለሚያወራው ሬዲዮ «እሺ» እያለ መለሰለት። ልጁ ካሊፎርኒያ ናት፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ያን ጊዜ እሑድ ሩቅ ነበር።

ረቡዕ ዕለት መጋዘኑ ገብቶ ከአሮጌ የፈረስ ኮርቻ አንድ ቁራጭ ቆዳ ቆረጠና በግራ ጫማው ታኮ ላይ በምስማር መታው። አዲስ እንዳይመስል ዳር ዳሩን ጭቃ ቀባው። ሐሙስ ጠዋት ዴልበርት «ምነው ታነክሳለህ? ደግሞ እግርህ ሰከረ?» ሲለው፣ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብሎ መለሰለትና መኪናውን አስነሳ።

«ተመለሰብኝ» አላት ሉኤላን፣ ዓይኗን ሳያይ።

በሆዱ ተኛ። ታኮዎቹን ያዘች። «ራስዎን ወደ ግራ። አሁን ወደ ቀኝ።» ታኮዎቹን ደግማ ገጠመች። በመጨረሻ የጫማው ማሰሪያ ሲፈታ ተሰማው፤ መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ። አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ነበርና አፈረ።

«እኩል ናቸው ኦርቪል።»

ኦርቪል የወጣውን አውራ ጣቱን በሌላው እግሩ ሸፈነ።

«ጭቃውን ሲቀቡ ምስማሩን ረሱት። ያብረቀርቃል።»

ፊቱን ከአልጋው ሳያነሳ ተናገረ። «ኸርታ ከሞተች ወዲህ ራሴን የያዘልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሦስት ወር አልችልም ዶክተር። ልዋሽዎ አልፈለግሁም፤ ሌላ ዘዴ ጠፋኝ።»

ሉኤላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና አንገት ነክቼ አላውቅም። ዛሬም አልነካም።»

«አውቃለሁ።»

«በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ራሱን መዳፌ ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል» አለች፣ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን እያየች። «የእኔን የያዘ የለም። ሲያዞረኝ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ፤ እስኪተወኝ።»

ኦርቪል ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ወንድ ልጅ የሚለው ቃል የለም፤ አባቱም አላስተማረው። ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዶ ጠርዙን ያዞረው ጀመር።

«ይቅርታ ዶክተር» አለ።

«ደህና ይግቡ። ያንንም ቆዳ ይንቀሉት፣ ወገብዎን ያበላሽብዎታል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ደረሰ። ምስማሮቹን በጉጠት ነቅሎ ጫማውን መልሶ አደረገና ወጥ ቤቱ መሐል ቆመ። ምንም አይዞርም። ጆሮው ጭጭ ብሏል። የኸርታ ሽርጥ እዚያው ምስማሩ ላይ፣ ወንበሯ እዚያው፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያን ጊዜ የሉኤላ ወንበር ትዝ አለው። ክንድ ቢዘረጋ ይደርስ ነበር። እሷ ራሷ ልትነግረው የቻለችውን ነግራው ነበር። እሱም ሁለት እጅ ነበረው፤ ሁለቱም ባርኔጣውን ይዘው ነበር።